ድመትን በጥንቃቄ ስለ ማስከተብ



በአገራችን ድመት ማለት የቤት ዘበኛ ናት። አይጥ በእህሉ ላይ እንዳይሠለጥን፥ በሣጥን ያለውም ልብስ እንዳይቀደድ ሌሊት ነቅታ የምታድር እርስዋ ናት። ደመወዝዋም ጥቂት ወተትና ከገበታ የተረፈ ፍትፍት ብቻ ነው። በብርድ ጊዜም ከሕፃናት ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች። ነገር ግን ይህች ከእኛ ጋር የምትውልና የምታድር እንስሳ ብትታመም ወይም ሰው ብትነክስ ምን ይደረጋል ብሎ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ራሴ ከማያስቡት አንዱ ነበርሁ።

ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ድመት ክትባት እጽፋለሁ ብል አንዳንድ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አልተቀየምኋቸውም። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። መሳቄን የተውሁበትን ምክንያት በመጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ትምህርቱን ከዚያ በኋላ አስከትላለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

የምንኖረው በአዲስ አበባ ከተማ በጉለሌ ነው። በቤታችን ነብሮ የሚባል ወንድ ድመት አለ። ይህን ስም ያወጣችለት አያቴ ስትሆን ምክንያቱም በግራጫ ቆዳው ላይ ያለው ጠቃጠቆ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር በሰፈራችን ያበደ ውሻ ታየ ተብሎ ተወራ። እናቴም ነገሩ ስላሳሰባት ነብሮን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስጄ እንዳስከትበው ገንዘብ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ድመት ታቅፎ በመንገድ መሄድም ለጎረምሳ የሚያሳፍር ነገር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ነብሮን በጆንያ ከተትሁት፤ አፉንም በሲባጎ አሰርሁና በትከሻዬ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ከታክሲው ሰልፍ ዘንድ እንደ ደረስሁ አንድ መኪና በድንገት ጡሩምባውን አሰማ። ነብሮ በጆንያው ውስጥ ተንፈራገጠ፤ በጥፍሩም ቀድዶ ወጣና እጄን ከአንጓዬ እስከ ክርኔ ቧጭሮ በአጥር ሥር ሾልኮ ጠፋ። በሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም አፍሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ ነብሮ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ከምድጃው አጠገብ ተኝቶ አገኘሁት።

አያቴ፥ «ተወጋ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም፥ «አዎን፥ ተወጋ» አልሁ። ደም ያዘለውን እጄን አይታ ስትደነግጥም፥ «ሲወጋ ቧጭሮኝ ነው» ብዬ ሁለተኛ ውሸት ጨመርሁበት። ገንዘቡንም ለኳስ መጫወቻ ጫማ መግዣ አዋልሁት። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

አንድ ወር ያህል ካለፈ በኋላ፥ በሰኔ ወር፥ የ6 ዓመት ታናሽ እኅቴ ነብሮን ከአልጋ ሥር በጅራቱ ስባ ልታወጣው ስትል እጅዋን ነከሳት። ጥርሱ በአውራ ጣትዋና በሌባ ጣትዋ መካከል ገብቶ ደም ፈሰሰ። ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምተው ሮጠው መጡና፥ «የተፈጨ ቡና ነስንሱበት» አሉ። እናቴ ግን ልጅቱን ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻት፤ በሳሙናና በሚወርድ ውሃም 15 ደቂቃ ሙሉ በሰዓት እያየች ቁስሉን አጠበችው። ከዚያም ሦስታችን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ቁስሉን እንዳዩ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ፥ «ድመቱ ተከትቧል ወይ?» የሚል ነበር።

እናቴም በሙሉ ልብ፥ «አዎን ሲስተር፥ ባለፈው ወር ልጄ ወስዶ አስከትቦታል» አለች።

ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብለው፥ «ካርዱን ይዘሃል?» አሉኝ።

ምላሴ ታሰረ። እኅቴ በእናቴ ጭን ላይ ተቀምጣ፥ እጅዋን በጨርቅ ተጠቅልላ ትመለከተኝ ነበር። ካርዱ ጠፋብኝ ብል ያምኑኝ ይሆናል፤ እኔም ከኀፍረት እድናለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ለእኅቴ የሚገባት መርፌ ቢቀርባትስ ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ፥ «አልተከተበም። ዋሽቼ ነው» አልሁ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋ ግን ከዱላ ይልቅ አመመኝ።

እኅቴ በዚያኑ ዕለት የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች፤ ቀጥሎም በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ተወጋች። ነብሮም በዕቃ ቤት ተዘግቶበት ለ10 ቀን እንዲጠበቅ ታዘዘ። ጠባቂውም እኔ ሆንሁ። ጧትና ማታ ምግቡን በጥንቃቄ አስገባለሁ፤ በላ ወይስ አልበላም፥ ውሃ ጠጣ ወይስ አልጠጣም፥ ድምፁ ወይም አረማመዱ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም እያልሁ በደብተር እጽፋለሁ። በዚያ ጊዜ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። በ10ኛው ቀን ነብሮ ወተቱን ጨርሶ ጠጣና ከእግሬ ጋር ተሻሸ። ይህንንም ለጤና ጣቢያው በነገርናቸው ጊዜ የቀረው መርፌ እንዲቆም አዘዙ።

እኅቴ ዳነች። ነገር ግን ያ ሁሉ ጭንቀት የመጣው ተደርጓል ተብሎ በታመነ፥ ነገር ግን ባልተደረገ አንድ ክትባት ምክንያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በሚገባ ለማወቅ ቈርጬ ተነሣሁ።

በሽታውና ክትባቱ

በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ የምንለው ሕመም ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትን፥ ላምን፥ አህያንና ሰውንም ይይዛል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በበሽተኛው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻም ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ የነርቭን ጅማት ተከትሎ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጕዞ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል። ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽተኛውን ማዳን ፈጽሞ አይቻልም ለማለት ይቀርባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በአፍሪቃና በእስያ ያሉ ናቸው። ከ10ሩ ሟቾች 4ቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ከሰዎች ሕመም 99 ከመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ታዲያ ስለ ድመት ለምን እንጨነቃለን የሚል ይኖር ይሆናል። ድመት ግን ሌሊት በየአጥሩ እየዘለለች ከውሻም ከዱር አውሬም ጋር ትጋጠማለች፤ በነጋታው ደግሞ ከልጆች ጋር ትተኛለች። ከውጭው አደጋ ወደ መኝታ ቤታችን የተዘረጋች ድልድይ ናት ማለት ነው።

የ10 ቀኑ ጥበቃ ምክንያትም ይህ ነው። ቫይረሱ በድመት ወይም በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው የበሽታው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ነው። በነከሰበት ቀን በምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት እንስሳ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። በጥበቃው ጊዜም እንስሳውን ማስከተብ አይገባም፤ ክትባቱ የሚያመጣው ቀላል ትኩሳት ከበሽታው ምልክት ጋር ሊያደናግር ይችላልና።

ለዚህ በሽታ መከላከያ ያገኘው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለ፥ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በአዲሱ ክትባት ማከም ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። በእኛ ሰፈር በጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የቆዩ ሰዎች እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይሉታል። አያቴ በልጅነትዋ ጊዜ ውሻ የነከሰው ሰው በሆዱ ላይ ለብዙ ቀን በተከታታይ ይወጋ እንደ ነበር ታስታውሳለች። ዛሬ ለሰው የሚሰጠው ክትባት በክንድ ላይ የሚወጋና ቍጥሩም ጥቂት ነው።

ክትባት የሚለው ቃል ከተበ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ሥራውም ስሙን ይመስላል። ለድመት የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ከተገደለ ቫይረስ የሚሠራ ነው። የተገደለው ቫይረስ በሽታ ሊያመጣ አይችልም፤ መልኩ ግን አልጠፋም። የሰውነት መከላከያም ይህን መልክ አይቶ ይመዘግበዋል፤ እውነተኛው ጠላት በመጣ ጊዜም ሳይዘገይ ይገጥመዋል። ይሁን እንጂ ይህ ምዝገባ ጊዜ ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ድመት በሚገባ የሚጠበቀው አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ነው እንጂ በተወጋበት ቀን አይደለም።

ከመከተብ በፊት

በሐምሌ ወር ነብሮን እንደገና ይዤ ሄድሁ። በዚህ ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው አልቸኰልሁም፤ «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ። የእንስሳት ሐኪሟን አስቀድሜ ሄጄ ጠይቄ ስለ ነበር እርሳቸው ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ያስተማሩኝንም በተራ እጽፋለሁ።

1ኛ፤ ድመትን በጆንያ መያዝ አይገባም። በጆንያ ውስጥ አየር ያንሳታል፥ ፍርሃትም ይይዛታል። ክዳን ያለው ጠንካራ ዘንቢል ወይም ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይሻላል። ዘንቢሉንም ጥቂት ቀን አስቀድሞ በቤት ውስጥ ከፍቶ ማስቀመጥና ምግብዋን በውስጡ መስጠት ነው፤ የምትተኛበት አሮጌ ጨርቅም ይነጠፍበት። እኔ የአያቴን አሮጌ ጋቢ አነጠፍሁ። ነብሮ በ4ኛው ቀን በገዛ ፈቃዱ ገብቶ ተኛበት። በመንገድም ዘንቢሉን በጨርቅ ሸፈንሁት፤ ድመት የማታየውን ነገር እምብዛም አትፈራም።

2ኛ፤ ክትባቱ በቅዝቃዜ የተጠበቀ መሆን አለበት። ከተሠራበት ቦታ እስከሚወጋበት ሰዓት ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ወይም በረዶ ባለበት ዕቃ መቈየት ይገባዋል። ፀሐይ ቢመታው ኀይሉ ይጠፋል፤ ከተገደለ ቫይረስ የተሠራው ደግሞ ራሱ በረዶ ሆኖ ቢረጋ ይበላሻል። የተበላሸውም ካልተበላሸው በዓይን ብዙ ጊዜ አይለይም። ስለዚህ ዋጋው ረክሶ ተገኘ ብሎ በኪስ የዞረ ብልቃጥ ገዝቶ በቤት መውጋት ከንቱ ድካም ነው። ባዶ እምነት ብቻ ያተርፋል። ያልተከተበን ድመት ተከትቧል ብሎ ማመን ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

3ኛ፤ የታመመች ድመት እስክትድን ድረስ መከተብ የለባትም። ሐኪሟ ነብሮን ከመውጋታቸው በፊት፥ «ምግቡን ይበላል? ያስመልሰዋል? ያስቀምጠዋል? ከዚህ በፊት ተከትቦ ያውቃል? ተከትቦስ ከነበረ ፊቱ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይኑንና ድዱን አዩ፤ ሙቀቱንም ለኩ። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሴት ድመት ከሆነች ደግሞ ማርገዝዋን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠሩ አንዳንድ ክትባቶች በሆድዋ ያሉትን ግልገሎች አንጎል ይጎዳሉና።

በሚከተብበት ጊዜ

ሐኪሟ ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥተው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ለእኔም አሳዩኝ። አዲስ መርፌ ከመጠቅለያው ፈቱ። ነብሮን በፎጣ ጠቅልዬ ጭንቅላቱንና አንድ የኋላ እግሩን ብቻ ውጭ አስቀርቼ እንድይዘው አዘዙኝ። «ድመቱ ትንሽ ስለ ሆነ ግማሹን ቢወጉትስ?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ይህ እንደ ክኒን በክብደት የሚመዘን አይደለም። ግማሽ የተወጋ ድመት ተከተበ አይባልም» ብለው መለሱልኝ።

እኔ መርፌው የሚወጋው በትከሻዎቹ መካከል ባለው ልል ቆዳ ላይ ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው ግን የቀኝ የኋላ እግሩን ከጕልበቱ ዝቅ አድርገው ያዙና ከቆዳው ሥር ወጉት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው አስረዱኝ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ድመቶች በሚከተቡበት ቦታ ላይ አልፎ አልፎ ክፉ ዕጢ እንደሚበቅል አስተዋሉና ለሙያ ባልደረቦቻቸው አስታወቁ። ይህ ሕመም እጅግ ጥቂት በሆኑ ድመቶች ላይ የሚደርስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ10,000 የተከተቡ ድመቶች በ1 ገደማ ላይ ይደርሳል የሚል ነው። ዕጢው በትከሻ መካከል ከበቀለ ሥሩ ወደ ጀርባ አጥንት ስለሚዘልቅ ቈርጦ ማውጣት ያስቸግራል። በእግር ላይ ከሆነ ግን እግሩን ቈርጦ ሕይወቷን ማትረፍ ይቻላል፤ ድመትም በሦስት እግር መኖር ትችላለች። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በቀኝ የኋላ እግር፥ ከጕልበት በታች ይወጋሉ። የትኛው ክትባት በየትኛው እግር እንደ ተወጋም ይጻፋል።

ይህን ሰምቶ፥ «እንግዲያው ባላስከትብ ይሻላል» የሚል ሰው ቢኖር ሒሳቡን ይሥራ። በአንድ በኩል ከ10,000 በአንድ ድመት ላይ የሚደርስ፥ በጊዜ ከታየም ሊታከም የሚችል ሕመም አለ። በሌላው በኩል ምልክቱ ከታየ ሰውንም እንስሳንም የማይምር በሽታ አለ። ትምህርቱ አታስከትብ የሚል አይደለም፤ በሚገባው ቦታ አስከትብ፥ ከዚያም በኋላ ተከታተል የሚል ነው።

ከተከተበ በኋላ

ነብሮ ከተወጋ በኋላ ወዲያው እንድንሄድ አልተፈቀደልንም። ግማሽ ሰዓት ያህል በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠን ቈየን። አንዳንድ ድመት ክትባቱ አይስማማትም። ፊትዋ ያብጣል፥ ታስመልሳለች፥ ትንፋሽ ያጥራታል ወይም ትወድቃለች። ይህ ከደረሰ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ስለ ሆነ ከሐኪም አጠገብ መቈየት ሕይወትን ያተርፋል። በቤት ውስጥ ከደረሰም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መመለስ ነው።

በዚያች ሌሊት ነብሮ ራቱን ሳይበላ ተጠቅልሎ ተኛ፤ ሰውነቱም ሞቅ አለ። አያቴ አዝናለት፥ «ለእኔ የታዘዘልኝን ፓራሲታሞል ትንሽ ፈጭቼ በወተት ልስጠው» አለች። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሐኪሟ ስለዚህ ነገር አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ የድመት ጕበት መድኀኒቱን እንደ ሰው አድርጎ ሊያስወግደው አይችልምና ጥቂቱም ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ የአያቴን እጅ ያዝሁና፥ «እማማ፥ ተይው፤ እስከ ነገ ይሻለዋል» አልኋት። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚያልፍ ድካምና ቀላል ትኩሳት የሚያሠጋ አይደለም። በነጋታው ማታ ነብሮ ከማእድ ቤት ሥጋ ሰርቆ ተያዘ፤ ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ እንዲሉ። መዳኑንም በዚህ አወቅን።

በ5ኛው ቀን እግሩን ስዳብሰው ሽምብራ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ደነገጥሁ። ሐኪሟ ግን ለዚህም የሚሆን ሦስት፥ ሁለት፥ አንድ የሚባል ሥርዐት አስተምረውኛል። ትርጕሙም ይህ ነው፤

እብጠቱ ከተከተበበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ካለፈው በኋላ ሳይጠፋ ከቈየ፥

ወይም ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፥

ወይም ከተከተበ 1 ወር ካለፈው በኋላ እየጨመረ ከሄደ፥

ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከታየ ድመቷን ወደ ሐኪም ወስዶ ማስመርመር ይገባል። ከዚህ ያነሰው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። እኔም በየሳምንቱ እሑድ እብጠቱን በማስመሪያ እየለካሁ ከዚያው ከ10 ቀኑ ደብተር ላይ ጻፍሁ። በመጀመሪያው እሑድ 8 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በሁለተኛው 6፤ በሦስተኛው 3፤ በአራተኛው እሑድ ጣቴ ምንም አላገኘም።

ስለ ግልገሎችና ስለ ሌሎች ክትባቶች

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለድመት ግልገል የሚሰጠው 12 ሳምንት ከሞላት ጀምሮ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ይህም በብልቃጡ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

ከዚህ ሌላ ድመትን ራስዋን የሚገድሉ ሕመሞች አሉ። ፓንሊውኮፔኒያ የሚባለው ትውከትና ተቅማጥ እያመጣ ግልገሎችን በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሳል። ሌሎች ሁለት ቫይረሶች ደግሞ ጉንፋን የመሰለ ሕመም ያመጡና ዓይንዋንና አፍዋን ያቈስላሉ። ለእነዚህ ለሦስቱ በአንድ መርፌ የሚሰጥ ክትባት አለ። ክትባቱ በሚገኝበት ቦታ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይደጋገማል።

ለምን ይደጋገማል ቢባል ምክንያቱ እንገሩ ነው። ግልገሏ ከተወለደች በኋላ በምትጠባው እንገር የእናትዋን መከላከያ ትወስዳለች። ይህ ስጦታ ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቃታል፤ ነገር ግን ክትባቱንም እንደ ጠላት ቈጥሮ ይመልሰዋል። የእናቲቱ ስጦታ በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ በእያንዳንዷ ግልገል ስለሚለያይ፥ መከላከያ የሌለበት ክፍተት እንዳይገኝ ክትባቱ ይደጋገማል። አንድ ጊዜ ተወግታለች ብሎ መተው እንግዲህ አይበቃም።

መደምደሚያ

ክትባት ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ነገር ነው። አንደኛው በድመቷ ሰውነት ውስጥ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በካርድ ላይ። በካርዱም ላይ ቀኑ፥ የክትባቱ ስም፥ የብልቃጡ ቍጥር፥ የተወጋበት እግርና የሚደገምበት ቀን ይሰፍራል። በሰውነት ሳይጻፍ በአፍ ብቻ የተነገረ ክትባት ምን እንደሚያደርስ በቤታችን አይተናል። በሰውነት ተጽፎ በካርድ ያልተጻፈውም ቢሆን በችግር ቀን የሚመሰክርለት አያገኝም።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ልትይዙልኝ እለምናለሁ። የተከተበችም ሆነች ያልተከተበች ድመት ወይም ውሻ ሰው ብትነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቡና መነስነስ አይጠቅምም። እስኪያመኝ ልጠብቅ ማለትም ከሁሉ የከፋ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነውና።

የኳስ ጫማዬን ሸጬ የእናቴን ገንዘብ መልሻለሁ። ነብሮም በዚያ በሐምሌ ተከትቦ በዓመቱ ደግሞ ተደግሞለታል። እኅቴ አሁን 8 ዓመትዋ ነው፤ በጅራት መሳብንም ትታለች። የነብሮን ካርድ ከራስዋ የልደት ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ የምታስቀምጠው እርስዋ ናት። እኔ የተናገርሁትን ሁሉ እናቴ ዛሬ ታምነኛለች፤ ስለ ነብሮ በሚሆን ነገር ግን አሁንም፥ «ካርዱን አሳየኝ» ትለኛለች። እኔም አልቀየማትም፤ አመጣላታለሁ።

እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ይህንኑ ጠይቁ። የድመታችን ካርድ የት ነው?